የማን 1912? ቅድመ አያቴን ፍለጋ ድሬዳዋ

ከቶሮንቶ መጥቼ ሁለት ሳምንት አገር ቤት ቆየሁ። አምስቱን ቀን ያሳለፍኩት ድሬዳዋ ነው፣ ቅድመ አያቴን ስፈልግ። እንደኔ ዘሩን ለመቁጠር የሚነሳ ሰው ገንዘቡንና ጊዜውን የት ላይ ቢያውለው እንደሚሻል ልንገረው ብዬ ነው የምጽፈው።

ስለ ቅድመ አያቴ ቤታችን የሚታወቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ሚንጃር ተወለዱ። ከዚያ «የባቡር ሰው» ሆኑና አልተመለሱም። ፎቶ የለም። መቃብራቸውንም የሚያውቅ የለም። አክስቴ ሣጥን ውስጥ ግን በፈረንሳይኛ የተጻፈ፣ ማኅተም ያለበት የሥራ ምስክር ወረቀት ተገኘ። 1912 የሚል ቁጥር ይነበብበታል፤ ወሩ ያለበት ጥግ ተቀዷል። ቤተሰቡ ታሪኩን በዚህች ቁጥር ላይ ሠራው። በ1912 አዲስ አበባ ለገሃር ሄደው ባቡር ተሳፈሩ፣ በዚያው ቀሩ። አያቴ በለገሃር ባለፉ ቁጥር ፊታቸውን ያዞሩ ነበር።

ገና ከመምጣቴ በፊት መጀመሪያ የከፈልኩት አዲስ አበባ ላለ አንድ የትርጉምና የሰነድ ማፈላለጊያ ቢሮ ነው። ስሙን አልጠራም። ክፍያውን አስቀድመው ተቀበሉ። ከሁለት ወር በኋላ አንድ መስመር መልስ መጣልኝ፦ ወረቀቱ የሌላ ሰው ነው። ለምን ስላቸው፣ የአንቺ ቅድመ አያት ስም በ«ወልደ» ይጀምራል፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ግን በ«ኦ» ነው የሚጀምረው አሉኝ። ያን ቀን አለቀስኩ። ያስለቀሰኝ ብሩ አይደለም። ከዚያ በፊት በምራቅ የሚሠራውን የዘረመል ምርመራም ሞክሬያለሁ። መቶኛ ሰጠኝ፣ ስም ግን አልሰጠኝም።

ወደ ድሬዳዋ በአውሮፕላን ሄድኩ። አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ በሰዓቱም ተነሳ። ያረፍኩት ከዚራ፣ ጥላ ያለው መንገድ ላይ ባለች ፔንሲዮን ነው። ንጹሕ ናት፣ ማራገቢያው ይሠራል። ለድሬ ሙቀት ከዚህ በላይ አልጠይቅም። ባጃጅ ለመያዝ ቆሜ ስከራከር ሾፌሩ «አቦ ግቢ፣ ዋጋው አያጣላንም» አለኝ። አልተጣላንም። አራት ቀን ሙሉ እሱ ነው ያመላለሰኝ። ድሬ ላይ አንቱታ አይበዛም፤ ሽማግሌውም ልጁም አንቺ ነው የሚሉሽ። ከውጭ ለሚመጣ ሰው ይህ ራሱ ዕረፍት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አሮጌው ባቡር ጣቢያ ያለው እዚያው ከዚራ ነው። ግቢውንና አትሊዬውን፣ ማለትም የጥገናውን ክፍል፣ ለማየት ቢሮ ገብቶ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። ያስጎበኙኝ ዕድሜያቸውን እዚያ የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው። ጋሼ ነው ያልኳቸው። ፈረንሳይኛቸው ዛሬም አልዛገም። ፉርጎዎቹንና የድሮ ማሽኖቹን ካየን በኋላ ወረቀቱን አወጣሁ። መነጽራቸውን ጠርገው ስሙን ጮክ ብለው አነበቡት። ሳይደናቀፉ «ወልደ…» ብለው ጀመሩ!

«ጋሼ፣ በኦ አይደል እንዴ የሚጀምረው?» አልኳቸው።

«ፈረንሳይ ወን የሚጽፈው በኦ እና በዩ ነው፤ በሠራተኞች ስም ዝርዝር ወልደን የሚፈልግ ሰው ኦ ላይ ይሄዳል» አሉኝ። በ«ቸ» የሚጀምር ስም ቢሆን ደግሞ ቲ ላይ ነበር የምፈልገው። ገንዘብ የበላብኝ ቢሮ ሁለት ወር ያጣውን ነገር እሳቸው በአንድ ትንፋሽ አገኙት። የባቡር ሥራ የነበረው ዘመድ የምትፈልጉ ሁሉ ይህን ያዙልኝ። ለስም ዝርዝሩ ዐይን ሳይሆን የፈረንሳይኛውን አጻጻፍ የሚሰማ ጆሮ ያስፈልጋል።

ቀጥለው ቀኑን አዩት። «1912 የማን?» አሉኝ።

አልገባኝም።

«የፈረንጅ ነው እንጂ። በእኛ 1904 ወይ 5 መሆኑ ነው። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በእኛ 1909። ታዲያ ለገሃር ምን ተሳፍረው መጡ?»

መልስ አልነበረኝም። አትሊዬው በር ላይ ካለ አሮጌ ወንበር ተቀምጠን አስረዱኝ። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲወጣ ነበር። ተራራው ወጪውን አበዛው። ስለዚህ በ1895 ከተራራው ሥር ቆመ፣ በቆመበትም ይህች ከተማ ተወለደች። መጀመሪያ አዲስ ሐረር ነበር የምትባለው። ከዚያ ኩባንያው ከሰረ፣ ሌላ ተተካና ሐዲዱ እንደገና ወደ ምዕራብ መዘርጋት ጀመረ። ቅድመ አያቴ ሥራ የገቡት በዚያ ወቅት ነው። ከሚንጃር የመጡት በባቡር አልነበረም። ባቡሩ ገና ወደ እነሱ አገር እየመጣ ነበር።

ለጋሼ የሰጠሁት ከተለመደው የአስጎብኚ ክፍያ ይበልጣል። ቢጨመርም ይገባቸዋል። እንዲህ ዓይነት ሰዎች ሳሉ ነው መሄድ።

ወረቀቱን ለማስቀዳት የገባሁበት የመጀመሪያው ፎቶ ኮፒ ቤት «ላሚኔት እናድርግልሽ» አለኝ። እንዳትሞክሩት። አሮጌ ወረቀት አንዴ ከታሸገ መመለሻ የለውም፣ ሙቀቱም ይጎዳዋል። ሁለተኛው ቤት ያለው ልጅ ግን እጥፋቱን በኃይል ሳይዘረጋ በ600 ዲፒአይ ስካን አድርጎ በፍላሽ ሰጠኝ። የእጁን ጥንቃቄ ሳየው ወንድሜ መሰለኝ።

ቤተ ክርስቲያንም ሄጄ ነበር። ጸሐፊው በትዕግሥት አስተናገዱኝ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «የክርስትና ስማቸውስ?» ነው። እኔ የያዝኩት የዓለም ስማቸውን ነበር። በጸሎት የሚጠራው ግን የክርስትና ስም ነው፣ በዓለም ስም ብቻ መፈለግም ግማሽ ፍለጋ ነው። አዳማ ላለችው አክስቴ ደወልኩ። ታውቀዋለች፤ የቅድመ አያቴ ባለቤት በየዓመቱ በዚህ ስም ያስጠሯቸው ነበር። እዚያ ያለው መዝገብ የእሳቸውን ዘመን አይደርስበትም። ስማቸውን ግን አስጠራሁ። ካህኑ ሲጠሩት መሬት መሬት እያየሁ ነው የሰማሁት።

አንድ ቀን ሐረር ደርሼ መጣሁ። በሚኒባስ ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፣ ጠመዝማዛ ነው። ጀጎል ውስጥ በራስ ተፈሪ ቤት ያለውን ሙዚየም አየሁ። የድሮ የእጅ ጽሑፍ የሚወድ ሰው ግማሽ ቀን ይመድብለት።

የተመለስኩት በአዲሱ ባቡር ነው። በ2009 የተመረቀው መሆኑ ነው፣ አሮጌው ሐዲድ አዲስ አበባ በገባ በ100 ዓመቱ። ጣቢያው ከከተማው ወጣ ይላል፣ በጊዜ መነሳት ነው። ፓስፖርት ያዙ። ወንበሩ ደህና ነው። እኔ ግን ስለ ወንበሩ አላሰብኩም። ሚኤሶን፣ አዋሽን፣ መተሐራን በመስኮት እያየሁ፣ ይህን ሁሉ ሜዳ በእግር እያልኩ መጣሁ።

አዳማ ወረድኩ። አክስቴ ቡና አፍልታ ጠበቀችኝ። ወረቀቱን ዘርግቼ የጋሼን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት። ሲኒውን እንደያዘች ቀረች።

«እና በእግራቸው ነው የሄዱት?»

«በእግር ወይ በበቅሎ» አልኳት። «ያኔ አዲስ አበባ ባቡር አልነበረም።»

«ውይ እናቴን!» አለች። «ዕድሜ ልኳን ለገሃርን ስትቀየመው ኖረች።»