ማስተርስ ብለው የሸጡልኝ ወረቀት

ሰሞኑን ጅማ ከተማ አጂፕ አካባቢ መብራት ምሰሶ ላይ አዲስ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ቀለሙ ተቀይሯል፤ የድርጅቱ ስምም ተቀይሯል። ከታች የተጻፈው ስልክ ግን ያው ነው። በቃሌ የያዝኩት ስልክ ስለሆነ አልሳትኩትም። ስንት ቀን ደውዬበት ሳይነሳልኝ ቀርቷል።

«በኤንጂኦ አመራርና ማኔጅመንት የአሜሪካ ማስተርስ! በ10 ወር! ከጅማ ሳይወጡ!» ይላል። እኔ ለዚህ ነገር 46,000 ብር ከፍያለሁ። ዛሬ እጄ ላይ ያለው ሦስት ሞጁል፣ አንድ ደረሰኝና ማንም የማይመልስበት የቴሌግራም ግሩፕ ነው። እባካችሁ አትክፈሉ። ምክንያቱን ልንገራችሁ፤ ትንሽ ይረዝማል።

መጀመሪያ እንዴት እንደገባሁበት። ስድስት ዓመት ኤንጂኦ ውስጥ የፕሮጀክት ኦፊሰር ሆኜ ሠርቻለሁ። ጥር 2017 ላይ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቆም የኛ ፕሮጀክት በአንድ ደብዳቤ ቆመ። «ዘጠና ቀን ታገሡ» ተባልን። ታገሥን። ከዚያ ዩኤስኤአይዲ ራሱ ተዘጋ። በዚያ ጊዜ ጅማ ውስጥ ስንቱ እንደተበተነ የምታውቁት ነው። የሚወጣው የሥራ ማስታወቂያ ጥቂት ሆነ። ጥቂቱም «ማስተርስ ያለው ይመረጣል» ይላል። አዲስ አበባ ሄጄ ልማር ብል ሁለት ልጆች አሉኝ። በዚህ ሰዓት «ከጅማ ሳይወጡ» የሚል ማስታወቂያ ሳይ ከሰማይ የወረደ መና ነው የመሰለኝ።

ቢሮው ፎቅ ላይ ነው፤ ከሥሩ የጨርቅ ሱቅ አለ። ንጹሕ ቢሮ ነው። ቡናም ይቀርባል። (ጅማ ላይ ቡና ሳያቀርብ የሚያጭበረብር ሰውም የለም መቼም።) ግድግዳው ላይ የአሜሪካ ባንዲራ አለ። ከአጠገቡ ባለማኅተም ወረቀት በመስታወት ፍሬም ተሰቅሏል። የተቀበለኝ ልጅ «እህቴ፣ ፈቃዳችን ይኸውልሽ» ብሎ በጣቱ አሳየኝ። ማኅተም አለው፣ ፎቶ አለው፣ ቁጥር አለው። አየሁት እንጂ አላነበብኩትም። በስልኬ ፎቶ ማንሳቴ ግን በጀኝ።

ያንን ፎቶ ዛሬ አጉልቼ ሳነበው «የማማከርና የስልጠና አገልግሎት» ይላል። የንግድ ሥራ ፈቃድ ነው። እሱ ለንግድ ሥራ እንጂ ዲግሪ ለመስጠት አያገለግልም። ዲግሪ ለመስጠት የሚያስፈልገው የእውቅና ፈቃድ ነው። እሱን የሚሰጠው ደግሞ ንግድ ቢሮ አይደለም፤ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ድሮ የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ይባል የነበረው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነውና። የእውቅና ፈቃድ ለአንድ ኮሌጅ በጅምላ አይሰጥም። ለየትምህርት መስኩ፣ ለየደረጃውና ለየካምፓሱ ለየብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ ፈቃድ ያለው ኮሌጅ ያንኑ ወረቀት ይዞ ጅማ ላይ ማስተርስ ማስተማር አይችልም። ፈቃዱ የጊዜ ገደብም አለው። ስለዚህ «ፈቃድ አለን» ሲሏችሁ የምትጠይቁት «ለዚህ ማስተርስ፣ ጅማ ላይ፣ እስከ መቼ?» ብላችሁ ነው። ባለሥልጣኑ ፈቃድ ያላቸውን ተቋማት ዝርዝር በድረ ገጹ ያወጣል። ቡናው ሳይፈላ አይታችሁ ትጨርሳላችሁ።

ሊያባንነኝ ይገባ የነበረ ሌላም ነገር ነበር። ልጁ በኩራት «የመግቢያ ፈተና የለውም» አለኝ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ድህረ ምረቃ የሚገባ ሰው ሀገር አቀፉን የመግቢያ ፈተና፣ ጋት የምንለውን፣ ማለፍ አለበት። ይህን አውቃለሁ። ጋት ወድቀው የቀሩ ጓደኞች አሉኝ። እውነቱን ልናገር፣ ፈተና የለም ሲለኝ ደስ ነው ያለኝ።

በወር አንድ ቅዳሜ መማር ጀመርን። 19 ነበርን። ነርስ አለ፣ አስተማሪ አለ፣ የቤተ ክርስቲያን ልማት ክፍል ሠራተኛ አለ፣ ከአጋሮ በሚኒባስ እየተመላለሰች የምትማር አንዲት ልጅም ነበረች። የመጀመሪያው ሞጁል ከኢንተርኔት እንደተገለበጠ ያስታውቃል። ሙሉ አንድ ምዕራፍ ስለ 501 ሲ 3 ያወራል። ይኼ የአሜሪካ የግብር ሕግ ክፍል ነው፤ እዚያ ያሉ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ከግብር ነጻ የሚሆኑበት። የአጋሮዋ ልጅ «ይኼ ለኛ ምን ያደርግልናል?» ብላ ጠየቀች። መምህሩ ሣቀ። እኛም ሣቅን።

ሁለተኛው ሞጁል ግን አላሣቀኝም። ስለ ኢትዮጵያ ሕግ ነው። ገጽ 14 ላይ «አንድ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪው ከ30 በመቶ መብለጥ የለበትም» ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ በመብት ላይ የሚሠራ የሀገር ውስጥ ድርጅት ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ መቀበል አይችልም ይላል። ኤንጂኦ ውስጥ የሠራችሁ ይህቺን ታውቋታላችሁ። ሰባ ሠላሳ የምንላት፣ ያቺ የ2001ዱ አዋጅ ቁጥር 621 ናት። ስልጠናና የመስክ ጉዞ ሳይቀር አስተዳደራዊ ወጪ ተብሎ ሪፖርት ስንሠራ ላብ ያጠመቀን ዘመን።

ያ አዋጅ ግን ተሽሯል! በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 ተተክቷል። የ10 በመቶው ገደብ ቀርቷል። የአስተዳደር ወጪው ጣሪያ 20 በመቶ ሆኗል፤ አስተዳደራዊ የሚባለው ወጪ ምን እንደሆነም በአዲስ መልክ ተተርጉሟል። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ራሱ ስሙ ተቀይሮ ዛሬ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ነው። እጄን አውጥቼ ይህንኑ ተናገርኩ። መምህሩ ደህና ልጅ ነው፤ በሰዓት የሚከፈለው ነው። በዕረፍት ሰዓት ጠጋ ብሎ «እኔም የተሰጠኝን ነው የማነበው» አለኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እሱም ቀረ። ደመወዝ አልከፈሉትም አሉ።

አስቡት እስቲ። በዚህ ሞጁል የተማረ ሰው ሥራ ቢያገኝ፣ በጀት ሲሠራ 28 በመቶ አስተዳደራዊ ብሎ ያቀርባል፤ ሕግ የጠበቀ እየመሰለው ሕግ ይጥሳል።

የዚያን ቀን ማታ የድሮ ድርጅታችን ኤች አር፣ የሰው ኃይል ኃላፊ ለነበሩ ሰው ደወልኩ። ጋሼ ነው የምላቸው።

«ጋሼ፣ ማስተርስ ጀምሬያለሁ።»

«እሰይ ልጄ! የት?»

ነገርኳቸው። ዝም አሉ።

«ስንት ከፈልሽ?»

«አርባ ስድስት ሺህ።»

«እንግዲህ ስሚኝ። የውጭ ዲግሪ ይዞ የመጣን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው የአቻ ግምቱን ነው፤ ዲግሪው ከኛ ሀገር ዲግሪ ጋር እኩል መሆኑን የሚመሰክረውን። ከባለሥልጣኑ የአቻ ግምት ደብዳቤ ከሌለው ፋይሉን ወደ ጎን አደርገዋለሁ። ክፋት አይደለም። ኦዲተር ሲመጣ የሚያፋጥጠው እኔን ነው።»

«እነሱ እኮ ዩኒቨርሲቲው በአሜሪካ አክሬዲትድ ነው፣ እውቅና አለው ብለውኛል።»

«በማን?»

በማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ስልኩን ዘግቼ መፈለግ ጀመርኩ።

አሜሪካ ውስጥ የትምህርት ሚኒስቴሩ ራሱ ዩኒቨርሲቲዎችን አክሬዲት አያደርግም። ይህን የሚሠሩት የግል አክሬዲቴሽን ሰጪዎች ናቸው። እነሱን ደግሞ ሚኒስቴሩ ወይም ቺያ የሚባለው ምክር ቤት ያውቃቸዋል። ሁለቱም ዝርዝራቸውን በነጻ ለሕዝብ ከፍተዋል። አጭበርባሪ የሚገባው በዚህች ቀዳዳ ነው። ዩኒቨርሲቲ ይፈጥራል፤ ከዚያ ያንን ዩኒቨርሲቲ አክሬዲት የሚያደርግ ሌላ ድርጅት ይፈጥራል። የኔው «አክሬዲቴሽን ሰጪ» በየትኛውም ዝርዝር የለም። ድረ ገጹ ላይ ያለው ስልክ ከዩኒቨርሲቲው ስልክ ጋር አንድ ነው። ሳየው ራሴን ያዝኩ። ዩኒቨርሲቲው ደላዌር በሚባል የአሜሪካ ክፍለ ግዛት የተመዘገበ ኩባንያ ነው፤ ደላዌር ላይ ኩባንያ ለማስመዝገብ እዚያ መኖርም አያስፈልግም። የድረ ገጹ አድራሻ የሚያልቀው በዶት ኦርግ ነው። ዶት ኢዱ የሚባለው ከ2001 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚሰጠው እዚያ በታወቀ አካል አክሬዲት ለተደረገ ተቋም ብቻ ነው።

በዚህ የተሸወድነው የጅማ ሰዎች ብቻ አይደለንም። በ2015 እ.ኤ.አ. አክሳክት የሚባል የፓኪስታን ኩባንያ በብዙ የውሸት ዩኒቨርሲቲዎች ስም ዲግሪ ለዓለም ሲቸበችብ ተጋልጧል። ትንሽ አጽናናኝ። ብሬን ግን አልመለሰልኝም።

ትምህርቱ ራሱ ውሸት እንዳይመስላችሁ። ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶችን ማስተዳደር እዚያው አሜሪካ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማስተርስ ደረጃ ይሰጣል። ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ በ2012 እ.ኤ.አ. ለበጎ አድራጎት ጥናት ብቻ ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ከፍቷል። የምር ፕሮግራሞቹ የቦርድ አሠራር፣ ገንዘብ ማሰባሰብ፣ ሂሳብ፣ የበጎ ፈቃደኞች አያያዝ፣ ግምገማ፣ ሕግ ያስተምራሉ። ከ30 ክሬዲት በላይ ነው፤ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። የኛ በስድስት ሞጁልና በአሥር ቅዳሜ ያልቃል ተብሎ ነበር። «10 ወር» ያሉትም በወር አንድ ቅዳሜ አድርገው ነው።

አሁን ደረሰኙ። ብሬን ልጠይቅ ስሄድ ልጁ ያው ነው፤ ቡናው ግን የለም። «እህቴ፣ ደረሰኝሽን አምጪ» አለኝ። ሰጠሁት። እያነበበ «እኛ እኮ ማስተርስ አልሸጥንልሽም» አለኝ። ደረሰኙ ላይ «የማማከር አገልግሎት» ተብሎ ነው የተጻፈው። በካርቦን የተጻፈ፣ ደብዘዝ ያለ፣ ግን የሚነበብ። ውሉንም አወጣ። ሦስተኛው አንቀጽ «የማስተርስ ደረጃ ስልጠና ሰርተፍኬት» ይላል። አያችሁት? ማስተርስ አይደለም፤ የማስተርስ «ደረጃ»። ምሰሶው ላይ ማስተርስ፣ ቢሮው ውስጥ ማስተርስ፣ የፈረምኩበት ወረቀት ላይ የማስተርስ ደረጃ። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል «የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም» ይላል። ፊርማዬ ከጎኑ ቁጭ ብሏል።

ሰውን አሳስቶ ማስታወቂያ መሥራት ግን በሕግ ክልክል ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ነገር ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። ስለዚህ የምሰሶውን ማስታወቂያ ልጄ ስትገነጥለው «ተዪው» ብዬ ፎቶ አነሳሁት፤ ቀኑ ይታያል። የቢሮውን ፍሬም፣ ውሉን፣ ደረሰኙን፣ የቴሌግራሙን «የአሜሪካ ማስተርስ» የሚል መልእክት ሁሉ አንድ ላይ አድርጌ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ አስገብቻለሁ። ለትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንም ጽፌያለሁ። መልእክቶቹን ቶሎ በስክሪንሾት ያዙ፤ ግሩፑን ያጠፉታል። የኛን ግሩፕ ግማሹን አጥፍተውታል።

ማስተርሱ የሚያስፈልጋችሁ ሰዎች ደግሞ፣ «ኤንጂኦ» የሚል ስም ያለበት ዲግሪ የግድ አያስፈልጋችሁም። ጋሼ እንደነገሩኝ ፕሮጀክት ማኔጅመንት፣ የሕዝብ አስተዳደር፣ ሶሻል ወርክ ወይም የልማት ጥናት የተማረን ሰው ኤች አር በደስታ ይወስዳል፤ ከታወቀ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ። ጋትን ፈርታችሁ አትሽሹ፤ እኔ ተመዝግቤ እያጠናሁ ነው። የሒሳቡ ክፍል እያስለቀሰኝ ነው እንጂ እየገፋሁት ነው። እስከዚያ ሲቪያችሁን ማጠናከር ካሰባችሁ ካያና ዲዛስተር ሬዲ የሚባሉት ድረ ገጾች ለእርዳታ ሠራተኛ በነጻ ያሰለጥናሉ። ለፕሮጀክት ሠራተኛ ፕሮጀክት ዲፕሮ የሚባል፣ ድሮ ፒኤምዲ ፕሮ ይባል የነበረ ፈተና አለ፤ ሰርተፍኬቱን የኤንጂኦ ሰው ያውቀዋል። ዲግሪ ነን አይሉም፤ ሰርተፍኬት ነን ብለው ሰርተፍኬት ይሰጣሉ።

ከ19ኛችን 11 ሰው ደረሰኙን ይዞ መጥቷል። የቀራችሁት ካያችሁ፣ የአጋሮዋ ልጅ በተለይ፣ ስልክሽ ዝግ ነው፤ ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ንግድ ጽሕፈት ቤት በር ላይ እንገናኝ። ደረሰኝ የጠፋበት ሰው የባንክ ወይም የቴሌብር ማረጋገጫውን ያትም። ውሉን ቤት የረሳ እንዳይመጣ፤ ባለፈው ሳምንት ለሁለት ሰው ብለን ሁላችንም ተመልሰናል።