ጅማ ውስጥ የተማሪ ጋዜጣ ለምታዘጋጁ፦ እኚህን ሰው እወቋቸው

ይህ ምስጋና እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ ባለች ትንሽ ማተሚያ ቤት ሌይአውት (የገጽ ቅንብር) ለሚሠሩልን ባለሙያ ነው። እኛ «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም። የሚፈልጋቸው ሰው በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፣ አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣለሁ።

የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ነን። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አነስተኛ ጋዜጣ እናወጣለን። የተማሪ ሥራ ብዙ ቦታ «ለማርክ ነው» ተብሎ ይናቃል። ጋሼ ግን እንደማንኛውም ጋዜጣ ቁጭ ብለው ያነቡታል።

ግማሾቻችን በፓወር ግዕዝ (በኮምፒውተር የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም) እንጽፋለን፣ ግማሾቻችን በስልክ። የድሮው ፓወር ግዕዝ ዩኒኮድ (ሁሉም መሣሪያ የሚያውቀው የፊደል ኮድ) ስላልሆነ ፎንቱ ሲቀየር ጽሑፉ የማይነበብ ምልክት ይሆናል። እሳቸው ይቀይሩትና እንደገና ከዋናው ጋር ያመሳክሩታል። በቅየራው መሃል ፊደል ይጠፋላ!

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ግን በዚህ ነው። ቁቤ (አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል) ቦታ ይወስዳል። በአማርኛ አምዱ ውስጥ ልክክ ያለ ዜና በአፋን ኦሮሞ ሲሆን ሞልቶ ይተርፋል። ከመጨረሻው ሁለት አንቀጽ ቆርጦ መገላገል ቀላል ነበር። ጋሼ ሁለቱንም ቋንቋ አሳምረው ያውቃሉ፤ ቢቆርጡም ያምርላቸዋል። እሳቸው ግን ይደውላሉ። «ኑና የሚቀነሰውን እናንተ ቀንሱ። ጽሑፉ የእናንተ ነው» ይላሉ። ለጀማሪ ጋዜጠኛ ከዚህ የበለጠ ክብር አላውቅም።

ከተማውን መሃል ለመሃል ስለሚያቋርጠው አዌቱ ወንዝና ስለሚጣልበት ቆሻሻ ዘገባ ሠርተን ነበር። አንዱ ፎቶ ላይ የሕፃን ፊት ይታያል። ጋሼ ሥራቸውን አቁመው «ቤተሰቡ ያውቃል?» አሉን። እናትየው መፍቀዷን ስንነግራቸው ነው ወደ ገጹ ያስገቡት። ማንም ጠይቁ አላላቸውም፣ ክፍያም የለውም። ደግሞም ትክክል ናቸው።

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ወደ እሳቸው የምትሄዱ፣ ፎቶ በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩ፤ አለበለዚያ ጥራቱ ይወርዳል። የገጹን ብዛት በአራት የሚካፈል አድርጉት። አንድ ኤ3 ወረቀት ሲታጠፍ አራት ገጽ ስለሚሆን፣ አምስት ገጽ ይዞ መሄድ ለባዶ ወረቀት መክፈል ነው። ጥር ላይ የሠርግ ካርድ ይበዛባቸዋልና ቀደም ብላችሁ ወረፋ ያዙ።