ለልጅ ክራር ይሻላል ወይስ ኪቦርድ?

ሐዋሳ ውስጥ ልጃችሁን ሙዚቃ ልታስተምሩ ካሰባችሁ የመጀመሪያው ጥያቄ ይሄ ነው።

ኪቦርድ ጀማሪን አያስቸግርም። ቁልፉን ሲጫኑት ድምፁ ተስተካክሎ ይወጣል። ልጁ ቶሎ አንድ አጭር ዜማ ያወጣና ደስ ይለዋል። ኖታ ለመማርም ይመቻል። መብራት ሲጠፋ ግን፣ በባትሪ የሚሠራ ካልሆነ፣ ልምምዱም አበቃ። ደግሞ ያ ውስጡ የተጫነው ሪትም! ልጁ አንዷን ቁልፍ ነክቶ ሲጨፍር ያመሻል፤ እናት ሲለማመድ የዋለ ይመስላታል። ከፒያሳ ታቦር በባጃጅ ይዞ መመላለሱም ቀላል አይደለም። ክራር ጭን ላይ ይቀመጣል።

ክራር ያለው አምስት ወይም ስድስት ክር ነው። አንዷ ከላላች ዜማው ሁሉ ይበላሻል፤ ስለዚህ ከመጫወት በፊት መቃኘት ግድ ነው። መጀመሪያ ላይ አስተማሪው ይቃኝለት። እኔ ይሄን እንደ ጉድለት አላየውም፤ ጆሮ የሚሳለው እዚያ ላይ ነው። ኪቦርድ ላይ ትዝታን፣ ባለ አምስት ድምፁን ባህላዊ ቅኝት፣ ለመጫወት ልጁ ከአሥራ ሁለት ድምፆች አምስቱን መምረጥ አለበት። ክራር ላይ አምስቱ ተቃኝተው ይጠብቁታል። ወደ ባቲ ወይም አንቺሆዬ ቅኝት ሲዞር ክሮቹን እንደገና ያስተካክላል፣ ልዩነቱንም በጆሮው ይይዛል።

ለትንሽ ልጅ፣ ቶሎ ለሚሰለች፣ ኪቦርድ እመርጣለሁ። ዘፈን ሰምቶ ለሚያንጎራጉር ግን ያለ ጥርጥር ክራር። የቱንም ብትመርጡ ቅዳሜ ለሁለት ሰዓት ያህል ከማስጨነቅ በየቀኑ 15 ደቂቃ ይበልጣል። ሙዚቃ ባታውቁም «እስቲ የዛሬውን አሰማኝ» በሉት።