ክንድ ላይ የሚለጠፈው የስኳር መለኪያ፣ 14 ቀን ተጠቅሜው ያየሁት
እናቴም አባቴም ስኳር አለባቸው፣ እኔም ባለፈው ምርመራ ኤዋንሲህ (ያለፉት ሦስት ወራት የደም ስኳር አማካይ የሚያሳየው ምርመራ) 6.1 ነው፣ የስኳር በሽታ ድንበሩ ላይ ነህ ተባልኩ። እዚህ አሜሪካ ከ2024 ጀምሮ ኢንሱሊን ለማይወስድ ሰው ያለ ሐኪም ማዘዣ ስለሚሸጥ አንድ ገዝቼ ክንዴ ላይ በኋላ በኩል ለጠፍኩት፣ ሲገባ ብዙም አያምም። የሚለካው ደም ሳይሆን በሴሎች መሀል ያለውን ፈሳሽ ስለሆነ ከጣት መለኪያው ትንሽ ደቂቃ ወደኋላ ይቀራል፣ ይሄን ሳላውቅ መጀመሪያ ቀን ተበላሽቷል ብዬ ልመልሰው ነበር።

የከፈልኩበትን ጥቅም ያየሁት ምሳ ላይ ነው። ሁለት ሙሉ እንጀራ በሽሮ በልቼ ሶፋ ላይ ቁጭ ስል 192 ገባ!! በማግስቱ ጎመኑንና ምስሩን አስቀድሜ፣ እንጀራውን አንድ አድርጌ፣ እንደጨረስኩ ሃያ ደቂቃ በእግሬ ዞር ዞር ስል 141 ላይ ቆመ። ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ኢንሱሊን ባያዘውም ስኳሩን ከደም እየሳበ ያስገባል ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፣ በአይን ማየት ግን ሌላ ነገር ነው በጣም ነው ደስ ያለኝ። ከቤተሰብ የወረስኩትን ጂን አልቀይረውም፣ ይሄን ግን እችላለሁ።

ጠዋት ምንም ሳልቀምስ ከፍ ማለቱ አስደንግጦኝ ነበር፣ ለካ ሊነጋጋ ሲል ጉበት ያጠራቀመውን ስኳር ስለሚለቅ ነው።

ጉድለቱን ልንገራችሁ፣ በክንዴ ላይ ከተኛሁ ቦታው ስለሚጫን ሌሊት ከ70 በታች ያሳየኛል፣ በጣት ስለካው ደህና ነኝ። ደግሞ ቁጥሩ ብቻውን እንዳያታልላችሁ፣ እንጀራ ሳልጨምር ጥብስ ብቻ የበላሁ ቀን መስመሩ ቀጥ ብሎ ነው የዋለው፣ ያ ማለት ግን ቅባቱ ልቤን አይጎዳም ማለት አይደለም። የምስሩን አሰር (ፋይበር) አንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች አብላልተው የአንጀታችንን ሴሎች የሚመግብ አሲድ ያወጡበታል፣ ይሄም ቁጥሩን ስልኬ ላይ በሚያሳየኝ አፕ ላይ የለም።

እንደኔ ድንበር ላይ ላላችሁ ከ5 አራት ኮከብ እሰጠዋለሁ፣ አንዱ እንኳን ብዙ ያስተምራል በየወሩ መግዛት የግድ አይመስለኝም። አዲስ አበባ ላለችው እናቴ ልልክላት አስቤ ነበር፣ እሷ ግን ኢንሱሊን ትወስዳለች፣ ይሄ ያለ ማዘዣ የሚሸጠው ደግሞ ስኳር ሲወርድ አያስጠነቅቅም፣ ስለዚህ ተውኩት። ለሷ የሚሆነውን ከሐኪሟ ጋር እየተነጋገርን ነው፣ እስከዛ ከምሳ በኋላ ደውዬ እያወራን ግቢውን እንድትዞር አደርጋታለሁ።