ክረምቱን በአንቀልባ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ ልጄን የማዝላት በአንቀልባ ነው። የተለፋ የፍየል ቆዳ፣ ጠርዙ በዛጎል ያጌጠ፣ ጠፍሮቹ ረጃጅም፣ እናቶቻችን እኛን ያዘሉበት ዓይነት። አሁን ጥቅምት ገብቷል። የደሴን ጭጋግ፣ የኮምቦልቻን ሙቀት፣ የኩታበርን ጭቃ፣ የቡናውን ጭስና የማሲንቆውን ጨዋታ ከእኛ ጋር አሳልፏልና ስለ እሱ በልበ ሙሉነት ለመናገር ጊዜው ደርሷል። ይህን የምጽፈው በተለይ የመጀመሪያ ልጇን ታቅፋ «ከእንግዲህ ከሰው መቀላቀል ቀረ» ብላ ለምታዝን እናት ነው። እኔም ልጄ ጥር ላይ ስትወለድ ይኸው ሐሳብ ያስጨንቀኝ ነበር። መምህርት ነኝ፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ክረምቱ የዘመድ፣ የጓደኛ፣ የሥዕልና የዘፈን ጊዜዬ ነው። ያ ሁሉ እንዳይቀርብኝ ያደረገው ይህ ቆዳ ነው።

የገዙልኝ አማቴ ናቸው፤ ከባቲ የሰኞ ገበያ። አፋሩ ከበረሃ ወጥቶ፣ ኦሮሞውና አማራው ከደጋው ወርዶ የሚገበያዩበት ገበያ ነው፣ የቆዳ ሥራ ለሚፈልግ ደግሞ ሁነኛ ቦታ። ሲመርጡ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ዛጎሉን ዞር ብለው አላዩትም። ቆዳውን አጥፈው ዘረጉት፤ ሲታጠፍ ከተንኮሻኮሸ በደንብ አልለፋም ማለት ነው አሉኝ። ቀጥለው አሸተቱት። ከዚያ ጠፍሩ ከቆዳው ጋር የተሰፋበትን ቦታ በሁለት እጃቸው ወጥረው፣ «ልጄ፣ የሚለቀው ሁልጊዜ እዚህ ጋ ነው፤ ጌጡን ኋላ ታይዋለሽ» አሉ። ለዋጋው ከሆነ፣ ሱቅ ውስጥ ከተሰቀሉት ዘመናዊ ማዘያዎች በብዙ ያንሳል።

ገዝተው ሲያበቁ ወዲያው አላሳዘሉኝም። የልጅቷ አንገት እስኪጠና መጠበቅ አለብሽ አሉኝና ጠበቅን። ይህ የአማት ወግ ብቻ አይደለም። አንገቱ ያልጠና ሕፃን በጀርባ ሲታዘል አገጩ ደረቱ ላይ ወድቆ የመተንፈሻ መንገዱ ሊጠብበት ይችላል፤ እናቱ ደግሞ ፊቱን አታየውም። እኛ የጀመርነው አራት ወር ካለፋት በኋላ፣ ጭንቅላቷን ራሷ ቀጥ አድርጋ መያዝ ስትችል ነው። ዛሬም እንቅልፍ ሲወስዳት አጠገቤ ያለውን ሰው «አገጯን እይልኝ፣ አፍንጫዋ ክፍት ነው?» ሳልል አልቀርም።

አስተሳሰሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ጎንበስ ትያለሽ፤ ሌላ ሰው ሕፃኗን ጀርባሽ ላይ ያስቀምጥልሽና ቆዳውን ከላይ ያለብሳታል። የላይኛዎቹ ጠፍሮች በትከሻሽ መጥተው ደረትሽ ላይ ይመሳቀሉና ወደ ኋላ ይዞራሉ፤ የታችኛዎቹ ከመቀመጫዋ ሥር አልፈው ወገብሽ ላይ ይታሰራሉ። ዋናው ነገር እግሮቿ ተከፍተው ወገብሽን እንዲያቅፉ፣ ጉልበቶቿም ከመቀመጫዋ ከፍ እንዲሉ ማድረግ ነው። ሐኪሞች ለሕፃን ዳሌ ጤና የሚመክሩት አቀማመጥ ይኸው ነው። እግሮቿ ቀጥ ብለው ከተጣበቁና ከተንጠለጠሉ ግን ፈትቶ እንደገና ማሰር ይሻላል።

አንድ ትልቅ ጉድለት እዚህ ላይ አለ። ብቻሽን ማሰር ከባድ ነው። ልምድ ያላቸው እናቶች አልጋ ላይ ተደግፈው ብቻቸውን ሲያስሩ አይቻለሁ፤ እኔ እስካሁን ያለ ረዳት አልደፍርም። ባሌ ቤት ከሌለ የጎረቤቴን በር አንኳኳለሁ። ሌላው ችግር ለምታጠባ እናት ነው። የሚመሳቀለው ጠፍር ጡት ሞልቶ ሲወጠር ክፉኛ ይጫናል። ከማዘሌ በፊት አጠባታለሁ፤ ጠፍሩ በሚያልፍበት በኩል ደግሞ የታጠፈ ነጠላ አደርጋለሁ።

ውጭ አገር የምትኖር የአክስቴ ልጅ የላከችልኝ ባለ መቆለፊያ የጨርቅ ማዘያም አለን። ፍርዴን አልደብቅም፦ ለወገብ እሱ ይሻላል። ሰፊ ቀበቶው ክብደቱን ዳሌ ላይ ያሳርፈዋል፣ ብቻዬንም እቆልፈዋለሁ፣ ሲቆሽሽም ይታጠባል። ባሌ ገበያ ይዟት ሲወጣ የሚመርጠው እሱን ነው። እኔ ግን ረጅም ሰዓት ከሰው ጋር በምሆንበት ቀን አንቀልባውን አነሳለሁ። ልጄ በእሱ ውስጥ ቶሎ ትረጋጋለች፣ ቆዳው የጀርባዬን ቅርጽ ይዟል፤ የደሴ የሐምሌ ብርድ ደግሞ ጨርቁን ሰንጥቆ ሲገባ ቆዳውን አያልፈውም። የሕፃን ጋሪ የሚባለውን ለደሴ ሰው ማንሳት አያስፈልግም። ጦሳ ተራራ ሥር፣ ሽቅብና ቁልቁል በሆነ ከተማ፣ ያውም በክረምት ጭቃ፣ የት ይገፋል?

ሐምሌ የዘመድ ወር ነበር። የባሌ አያት ኩታበር ናቸው፤ መኪና ከሚያቆመው ቦታ እስከ ቤታቸው ያለው መንገድ በዝናብ ይላቁጣል። ሁለት እጄ ነፃ ስለሆነ በአንዱ ጃንጥላ፣ በአንዱ ምርኩዝ ይዤ ወጣሁት። አያትየው ልጅቷን ከማየታቸው በፊት አንቀልባውን ዳሰሱት፤ «ልስልስ ያለ ነው፣ ወላሂ ጥሩ እጅ ነው ያለፋው» ብለው መረቁን። እኛ ቤት እንደ ብዙው የወሎ ቤት ነው፤ በአባቴ በኩል ያሉት ክርስቲያን፣ በባሌ እናት በኩል ያሉት ሙስሊም። ሐምሌ ላይ ወዳጃ፣ የጋራ የዱዓ ጉባኤ ማለት ነው፣ ተቀምጠው ቡና ተፈልቶ፣ ዱዓው ሲወርድና ጀማው «አሚን» ሲል ልጄ ከጀርባዬ አንገቷን አውጥታ ሁሉንም በየተራ ታያለች። ነሐሴ 13 ቀን ደግሞ በአባቴ ቤት የቡሄ ሙልሙል ሲታደል እዚያው ጀርባዬ ላይ ነበረች። የጅራፉ ጩኸት መጀመሪያ አስደንግጧት አለቀሰች፤ እሹሩሩ እያልኩ ስወዛወዝላት ግን ዝም አለች። አልጋ ላይ ተኝታ ቢሆን ኖሮ ከእነዚህ ሰዎች መካከል ማንንም በዚህ ቁመት አታይም ነበር። አሁን ሰው አትፈራም፤ ይህን የማየው ከዚያ ክረምት ጋር አያይዤ ነው።

ስለ ሥዕል። በክረምት እስላለሁ፤ ልጅ ከወለድኩ በኋላ ይቀራል ብዬ እጅግ የፈራሁት ይህንኑ ነበር። አንቀልባው ሸራ ፊት አቁሞኛል። ቆሜ ስስል ክንዴ ሲንቀሳቀስ ትከሻዬም አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ለእሷ መወዛወዣ ይሆንላታልና ብዙ ጊዜ ትተኛለች። የዘይት ቀለሙን ግን ለጊዜው አስቀምጬዋለሁ። ማቅጠኛው ተርፐንታይን የሚተነው ሽታ ለሕፃን ሳንባ አይሆንም። በውሃ ቀለም፣ መስኮት ከፍቼ ነው የምሠራው፤ የደሴ ጭጋግ ደግሞ በእርጥብ ወረቀት ላይ ለሚሰራጭ ቀለም የተፈጠረ ነገር ነው፣ ጦሳ ከነደመናው በሁለት ግራጫ ይወጣል። ጎንበስ ማለት ግን ክልክል ነው። የወደቀ ብሩሽ ለማንሳት ወገቤን ቀጥ አድርጌ በጉልበቴ እወርዳለሁ።

አሁን ስለ ዘፈኑ፤ ከሁሉም በላይ ልናገርለት የምፈልገው እሱን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ከጓደኞቼ ጋር ሆጤ ሰፈር አንዷ ቤት እንሰባሰባለን። አንዱ ማሲንቆ ይጫወታል፤ ሌሎቻችን እንቀበላለን። ከአራቱ ቅኝቶች፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፣ ሁለቱ የእኛው አገር ስም ናቸው፤ ባቲ ገበያው፣ አምባሰልም ከሐይቅ ከተማ በላይ ያለው ተራራ። ልጅ ያዘለች እናት ስትዘፍን ድምፁ በአየር ብቻ አይደርስም፤ በጀርባዋ አጥንት አልፎ ሕፃኑ ደረት ውስጥ ይገባል። ሕፃን ገና በማህፀን ሳለ፣ በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት፣ የእናቱን ድምፅ ይሰማል፤ በአንቀልባ ያለው ሕፃንም ጉንጩን ጀርባ ላይ ለጥፎ ያንኑ ድምፅ በዚያው ዓይነት መንገድ ያገኘዋል። አምባሰል ስንጀምር ልጄ እጇን ከቆዳው አውጥታ ትከሻዬን መምታት ትጀምራለች። ትዝታ ሲሆን ትተኛለች። ይህን ያየነው ሁላችንም ነን፤ ጓደኞቼ አሁን ለእሷ ብለው በትዝታ ይጨርሳሉ። ዓይኔ እንባ ሲያቀርር የማልደብቀው እዚያ ጋ ነው።

የወሎ ጭፈራም ከአንቀልባ ጋር ይስማማል፤ ዝላይ ካለበት በስተቀር። አንገቴን እሰብቃለሁ፣ ትከሻዬን ግን በስሱ ነው የማንቀሳቅሰው፤ ጠንካራ እስክስታ የሕፃን ጭንቅላት ያንገላታል። የድምፅ ማጉያ ባለበት ቤት ደግሞ አልቀመጥም። የሕፃን ጆሮ እንደ እኛ አይችልም፤ አፍ ለአፍ ተጠጋግተን እየጮኽን የምናወራበት ቦታ ለእሷ ቦታ አይደለም።

ቆዳ ከክረምት ጋር አይዋደድም፣ ይህን ማወቅ ያስፈልጋል። የጓደኛዬ ማሲንቆ ፊቱ ቆዳ ነው፤ እርጥበት ሲነካው ይለሰልስና ድምፁ ይወርዳል፣ እሱም ከሰል አጠገብ ያሞቀዋል። አንቀልባውን ግን እንደዚያ ማድረግ አይቻልም። በእሳት ወይም በፀሐይ በግድ የደረቀ ቆዳ ይገተራል፣ ኋላም ይሰነጠቃል። ሲርስ በደረቅ ጨርቅ ጠርጌ፣ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ላይ ዘርግቼ አደርቀዋለሁ፤ ከደረቀ በኋላ ቅቤ በስሱ አሸዋለሁ። ቅቤ ከበዛ ይሸታል፣ ልብስም ያበላሻል። ሁለት ቀን ተጠቅልሎ ጥግ ከተቀመጠ ሻጋታ ያወጣል፤ ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ሁልጊዜ የሚሰቀልበት ምስማር አለው። ከሥሯ የሚታጠብ ጨርቅ ካላደረግሽ ሽንቷ ቆዳው ውስጥ ይቀራል፣ መላ የለውም። ሙቀት ደግሞ ሌላው ድክመቱ ነው። ወደ ኮምቦልቻ በወረድን ቁጥር ልጄ ጀርባዬ ላይ በላብ ትጠመቃለች፤ ለቆላ መንገድ የጨርቁን ማዘያ ብትይዙ ይሻላል።

በነሐሴ መጨረሻ ሐይቅ ሄደን ነበር። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት ስለማያስገባ ባሌ ሲገባ እኔ ከልጄ ጋር ዳር ቀረሁ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት ባለ ሥዕል ወንጌል ከአገራችን ጥንታዊ የብራና ሥዕሎች አንዱ ነው፤ ብራናውም እንደ እኛ አንቀልባ ቆዳ ነው። እኔ ውሃውን እየሳልኩ፣ ልጄ ወፎቹን እያየች፣ እንደዚያ ረጅም ሰዓት ያለ ለቅሶ የቆየችበት ቀን የለም።

አሁን ስምንት ኪሎ ገደማ ሆናለች፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ስሸከማት ትከሻዬ ይናገራል። ባለፈው ወር አንዱ ጠፍር ከስፌቱ መላቀቅ ጀመረ፤ አማቴ ባቲ ላይ በጣታቸው ባሳዩኝ በዚያው ቦታ። ጫማ ሰፊ ዘንድ ወስጄ በሰም በተለወሰ ክር ደርቦ ሰፋልኝ፣ እስካሁን አልተነቃነቀም። ሕፃን ያለበትን ጠፍር ከማሰርሽ በፊት በየቀኑ ወጥረሽ እዪው። ልትገዢ ከሆነ ቆዳውን አጥፈሽ ስሚው፣ ጠፍሩ ትከሻሽ ላይ ቢያንስ አራት ጣት የሚሰፋውን ምረጪ፤ ቀጭኑ ሥጋ ይበላል። ከተቻለ ደግሞ ከክረምቱ በፊት ግዢው፣ ዝናቡ ሳይደርስ ቆዳው ገላሽን እንዲለምድ።