ስኒከር ለማጠብ ምን ልግዛ? ላርጎ፣ ኦሞ፣ በረኪና ወይስ ከውጭ የሚመጣው ፈሳሽ

አዲስ አበባ ውስጥ ነጭ ስኒከር የሚያደርግ ሰው በጋ ከአቧራ፣ ክረምት ከጭቃ ጋር ነው ትግሉ። ሲቆሽሽ ብዙዎቻችን ቤት ያገኘነውን እናነሳለን። አንዱ ኦሞ፣ አንዱ በረኪና፣ አንዱ የጥርስ ሳሙና። ውጭ ዘመድ ያለው ደግሞ «ስትመጪ የጫማ ማጽጃ ያዢልኝ» ይላል። እነዚህ ሁሉ እኩል አይደሉም። አንዳንዱ ጫማውን ያድሰዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ይጨርሰዋል።

የብር ዋጋ አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ይለወጣል። የትኛው ርካሽ፣ የትኛው ውድ እንደሆነ ሱቅ የሚሄድ ሁሉ ያውቀዋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ለፈሳሹ ትንሽ፣ ለብሩሹ ትንሽ ጨመር አድርጋችሁ አውጡ። ምክንያቱን እነግራችኋለሁ።

ላርጎ ወይስ ኦሞ?

ኦሞ የተሠራው ለልብስ ነው። ልብስ ሦስቴ አራቴ ይለቀለቃል፣ ይጨመቃል። ጫማ አይጨመቅም። ምላሱ ውስጥ፣ ተረከዙ ጋ ያለው ስፖንጅ ውስጥ የገባው ሳሙና እዚያው ይቀራል። ጫማው ሲደርቅ ያ ሳሙና ከቆሻሻው ጋር ወደ ላይ ይወጣና ነጩ ጨርቅ ላይ ቢጫ ቢጫ ምልክት ይሠራል። ሰው ይህን ሲያይ «አልጸዳም» ብሎ እንደገና ኦሞ ይጨምርበታል። ቢጫውም ይብሳል። በዚያ ላይ ዱቄት ሳሙና አልካላይን ስለሆነ ቆዳ ያደርቃል፣ ቀለምም ያደበዝዛል።

ላርጎ፣ ማለቴ ዕቃ የምናጥብበት ፈሳሽ ሳሙና፣ ለቆዳና ቆዳ መሰል ስኒከር በጣም ይሻላል። ቅባት ያነሳል፣ ውሃ ውስጥ ቶሎ ይሟሟል፣ እንደ ዱቄቱ አይከርርም። ችግሩ እጃችን ላይ ነው፤ አብዝተን እናፈሳለን። ለግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። አረፋው በበዛ ቁጥር የሚለቀለቀውም ይበዛል።

ኦሞን ሙሉ በሙሉ አልጥለውም። ለክሩ እሱን የሚያህል የለም። ክሩን አውጥታችሁ ሙቅ ውሃና ኦሞ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ ከዚያ እንደ ልብስ እሹት። እንደ ኮንቨርስ ላለ የሸራ ጫማም ኦሞ ይሆናል። ዱቄቱን ግን መጀመሪያ ሙቅ ውሃ ውስጥ አሟሙት፤ ጫማው ላይ በቀጥታ አትነስንሱት። ሲለቀለቅም ውሃው ጥርት ብሎ እስኪወርድ አትተዉት።

በረኪና

ስኒከር ላይ በረኪና አትግዙ። ሲታጠብ ነጭ ይመስላል፣ ልብም ደስ ይለዋል። ሲደርቅና ቀን ሲያልፍ ግን ቢጫ ይሆናል። በረኪና ውስጥ ያለው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ጥጥ ቢያነጣም ናይለንን፣ ስፖንጁንና ቆዳን ይጎዳል። ላስቲኩንና ሙጫውንም ያዳክማል። ይህ ቢጫ ደግሞ በመታጠብ አይለቅም።

ከዚህ የሚበልጥ ነገርም አለ። «በረኪናና አቼቶ ቀላቅለህ ሞክር» የሚል ምክር ሲዞር ይሰማል። በፍጹም እንዳታደርጉት። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ሳንባ የሚጎዳ መርዝ ነው። መታጠቢያ ቤት በር ዘግቶ የሚያጥብ ሰው ላይ ከባድ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል።

ለሶሉ ብቻ የሚሆኑት

የጥርስ ሳሙና፣ ቤኪንግ ሶዳና ነጩ ሜላሚን ስፖንጅ በአንድ መንገድ ነው የሚሠሩት፤ እየፋቁ። ስለዚህ ቦታቸው የሶሉ ጎን ላይ ያለው ነጭ ላስቲክ ነው፣ ከዚያ አይለፉ። ከሦስቱ አንዱን ግዙ ካላችሁኝ ስፖንጁን እመርጣለሁ። ትንሽ ቆርጣችሁ ውሃ ነክራችሁ ብቻ ታሹታላችሁ፤ ጥቁሩ ጭረት ወዲያው ይለቃል። እንደ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ስለሚሠራ ግን የሚያብረቀርቅ ቆዳ ላይ ካሻችሁት ብርሃኑን ይወስደዋል። ቀለም የተቀባ ሶል ላይም እንዲሁ። የጥርስ ሳሙና ደግሞ ቤት ስላለ ወጪ የለውም። ነጩ ይሻላል፤ ባለቀለሙን ተዉት። ቤኪንግ ሶዳው ስፌት ውስጥ ገብቶ ስለሚደርቅ ማውጣቱ ያደክማል።

ሶሉ ቆሽሾ ሳይሆን ራሱ ቢጫ ሆኖ ከሆነ እነዚህ ሦስቱም አይረዱም። ያ ቢጫ ላስቲኩ ከፀሐይና ከአየር ጋር በመገናኘቱ የመጣ ነው። ለሱ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያለበት፣ ከፀጉር ቀለም ጋር የሚቀላቀለው ክሬም አለ። ጓንት አድርጋችሁ ሶሉን ብቻ ቀቡት፣ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ለተወሰነ ሰዓት ፀሐይ ላይ አኑሩት፣ ከዚያ እጠቡት። ክሬሙ ጨርቁን ከነካው ቀለሙን ያጠፋል። ውጤቱም ዘላለማዊ አይደለም፤ ከጊዜ በኋላ ቢጫው ይመለሳል።

ከውጭ የሚመጣው ያዋጣል?

በጣም ከሚታወቁት አንዱ ጄሰን ማርክ ነው፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ ውስጥ የተጀመረ ብራንድ። ክሬፕ ፕሮቴክት የሚባለው ደግሞ የእንግሊዞቹ ነው። ፈሳሾቹ ጥሩ ናቸው፣ አልዋሽም። ለስላሳ ስለሆኑ ቀለም አያስለቅቁም፤ ብዙ ማለቅለቅም አይፈልጉም። ለተሸመነ ጨርቅ ስኒከር፣ ቀለሙ ለበዛ ጫማና ለውድ ጫማ ልዩነታቸው ይታያል። ለነጭ ቆዳ ጫማ ግን፣ ኤር ፎርስ ዋን ወይም ስታን ስሚዝ ለሚያደርግ ሰው፣ በቀጭኑ የተበጠበጠ ላርጎ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ለዚያ ዘመድ ማስቸገር አያስፈልግም።

ካስመጣችሁ ሁለት ነገር ለሚመጣው ሰው ንገሩት። ጄሰን ማርክ በብዛት የሚሸጥበት ጠርሙስ 118 ሚሊ ሊትር ነው። በብዙ ኤርፖርት በእጅ ሻንጣ የሚፈቀደው እስከ 100 ሚሊ ሊትር ስለሆነ ጭነት ውስጥ ይግባ። ሁለተኛ፣ ውሃ እንዳያስገባ የሚረጨው ስፕሬይ በጋዝ የታመቀና እሳት የሚይዝ ዓይነት ከሆነ አውሮፕላን ላይ በጭነትም አይፈቀድም። ኤርፖርት ላይ ይወረሳል፣ ገንዘቡም ይቀልጣል። በእጅ እየተጫነ የሚረጨውን፣ በውሃ የተሠራውን ፈልጉ በሏቸው።

ብሩሹ

ጫማ የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ሳሙናው ሳይሆን ብሩሹ ነው። ጠንካራውን የልብስ ብሩሽ የተሸመነ ጨርቅ ላይ ስታሹት ክሩ ይነሳል፣ ጫማው ጸጉር ያወጣል። ያ አይመለስም። ሁለት ብሩሽ ይኑራችሁ። ጠንካራው ለታች ሶልና ለላስቲኩ፤ ለስላሳው፣ ቢቻል የፈረስ ጸጉር የሆነው፣ ለላይኛው ክፍል። የፈረስ ጸጉር ብሩሽ የጫማ ቀለም ከሚሸጥበት ቦታ ሁሉ አይጠፋም። አዲስ ይሁን ብቻ፤ ቀለም የነካው ብሩሽ ነጭ ጫማ ላይ መቼም አይረሳም። ለስፌቱና ለክር ቀዳዳው አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል።

ከማርጠባችሁ በፊት ደግሞ ጭቃው ይድረቅ። እርጥብ ጭቃ ሲታሽ ወደ ጨርቁ ይገባል። ከደረቀ በኋላ ሁለቱን ጫማ አጋጭታችሁ አራግፉት፣ በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት። ግማሹ ሥራ እዚህ ያልቃል።

ማድረቂያው፦ ሶፍት ወይስ ፀሐይ?

ይህን ክፍል አትዝለሉት፤ ነጭ ጫማ የሚበላሸው እዚህ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። ወደ ላይ በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ጣሪያ ላይ ወይም አጥር ላይ የተሰጣ ስኒከር ቶሎ ይደርቃል፣ ቶሎም ቢጫ ይሆናል፤ ሙጫውም ይላላል። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ አትክተቱት፤ ሙቀቱ ሙጫውን ያለሰልሰዋል።

ጥሩው ነገር በየሱቁ አለ፤ ነጭ ሶፍት። ጫማውን ለቅልቃችሁ ውሃውን በፎጣ አስመጥጡት። ከዚያ ገና እርጥብ እያለ ሶፍቱን ድርብርብ አድርጋችሁ ከጫፉ እስከ ተረከዙ አልብሱት። ወረቀቱ ጨርቁ ላይ ጥብቅ ብሎ ይለጠፋል። ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ የሚያገኝበት ቦታ አኑሩት። ውሃው ሲተን ከላይኛው ሽፋን ስለሆነ የሚተነው፣ የቀረው ሳሙናና ቢጫ ነገር ወደ ወረቀቱ ይሳባል። በማግስቱ ሶፍቱ እንደ ቅርፊት ይነሳል። የወረቀቱን ውስጥ ተመልከቱት፤ ጫማው ላይ ይቀር የነበረውን ቢጫ እዚያ ታገኙታላችሁ። ባለቀለም ሶፍት አይሆንም። ጫማው ውስጥም ጋዜጣ አትጠቅጥቁ፣ ቀለሙ ነጩን ገበር ይበክላል፤ አሮጌ ነጭ ጨርቅ ይሻላል።

ሊስትሮ ወይስ ቤት?

ሊስትሮዎቻችን ስኒከር ማጠብ ከጀመሩ ቆይተዋል፣ ብዙዎቹም ጎበዞች ናቸው። ለቆዳ ጫማ፣ ሥራ ለሚቸኩል ሰው፣ ከሊስትሮ የሚሻል የለም። ቁጭ ከማለታችሁ በፊት ሃይላንዱ ውስጥ ያለውን ውሃና ብሩሹን እዩ። ውሃው ከጠቆረ ወይም ብሩሹ ጥቁር ቀለም ከነካ «በንጹሑ አድርግልኝ ወንድሜ» በሉት፤ ቅር አይለውም። የተሸመነ ጨርቅና ሸራ ግን ቤት ይታጠብ። እዚያ እርጥቡን አድርጋችሁት ስትሄዱ መንገዱ እንደገና ያቆሽሸዋል፤ ውስጡም ሳይደርቅ ይሸታል።

ሱዊድ ላላችሁ

ሱዊድ፣ ጸጉራሙ ቆዳ፣ ከላይ ካልኩት ሁሉ ውጭ ነው። ላርጎም ኦሞም አይንካው። ውሃ ሲነካው ጸጉሩ ይተኛል፣ ሲደርቅም ይደድራል። ለሱ ሁለት ነገር ግዙ፤ ደረቅ የሱዊድ ብሩሽና ተራ የተማሪ ነጭ ላጲስ። ብሩሹን ወደ አንድ አቅጣጫ ሳቡት፣ የቆሸሸውን ቦታ በላጲሱ ቀስ ብላችሁ ፈግፍጉት፣ ፍርፋሪውን አራግፉት። ስፕሬይም የምትገዙ ከሆነ ከሌላው ጫማ ሁሉ ይልቅ ለሱዊዱ ይሁን። ጫማው ንጹሕና ደረቅ ሆኖ፣ ከቤት ውጭ፣ ወደ ትንፋሻችሁ እንዳይገባ አድርጋችሁ ርጩት፤ ሌሊቱን ይደር። ሰኔ ሳይገባ ግንቦት ላይ ብታደርጉት የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ጫማው ዝግጁ ሆኖ ይጠብቀዋል።