የመስሚያ መርጃዬ፦ አንድ ዓመት በኑዛዜ ክፍል

ሐዋሳ ውስጥ የካቶሊክ ቁምስና ካህን ነኝ። ዕድሜዬ 73 ነው። ይህን የምጽፈው ለራሳቸው፣ ወይም ለአባት ለእናታቸው የመስሚያ መርጃ ለመግዛት ለሚያስቡ ሰዎች ነው። እኔ ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠለውን ዓይነት ቀኝ ጆሮዬ ላይ ካደረግኩ አንድ ዓመት አለፈኝ።

ጆሮዬ የደከመው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ የጠፋብኝ ድምፅ አልነበረም፤ ፊደል ነው። ሰው ሲያወራ ይሰማኛል። ምን እንዳለ ግን አይለይልኝም። ወጥ ቤት የምትሠራልን ሴት "ፈራሁ" ትበል፣ "ሠራሁ" ትበል፣ "ጠራሁ" ትበል አላውቅም። በኋላ የመረመረችኝ ባለሙያ ምክንያቱን ነገረችኝ። ዕድሜ ሲገፋ ቀድመው የሚሄዱት ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው። ሰ፣ ፈ፣ ተ እዚያ ውስጥ ይገባሉ። ወፍራሙ ድምፅ ይቀራል። ስለዚህ አዛውንት ጆሮ ላይ መጮህ ብዙም አይጠቅምም።

በቅዳሴ ጊዜ አልተቸገርኩም። ቅዳሴውን በቃሌ አውቀዋለሁ። የተቸገርኩት ኑዛዜ ላይ ነው። የሚናዘዝ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ከበሩ ውጪ ደግሞ ተራ የሚጠብቅ አለ። እኔ "ልጄ፣ እባክህ ከፍ አድርገህ ንገረኝ" ባልኩ ቁጥር ምስጢሩን በገዛ እጄ ለደጅ አሳልፌ እየሰጠሁ ነበር። የኑዛዜ ምስጢር እንደማይደፈር በሕገ ቀኖናችን ቁጥር 983 ተጽፏል። ቋንቋ ላልገጠመው ሰው በአስተርጓሚ መናዘዝ ይፈቀዳል። ለደከመ ጆሮ ግን መካከል ላይ ሰው ማቆም አልቻልኩም፤ ልቤ እምቢ አለ። ማንም አልተቆጣኝም። ሰዉ ዝም ብሎ ወደ ወጣቱ ረዳቴ በር ሄደ። ቅዳሜ ከሰዓት ስቶላዬን፣ ካህን ሲያናዝዝ የሚለብሰውን ረጅም ጨርቅ፣ አንገቴ ላይ አድርጌ ብቻዬን የተቀመጥኩባቸው ቀናት ነበሩ። እንደዚያ ያዘንኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

መጀመሪያ የገዛሁት የተሳሳተ ዕቃ ነው። አንድ ሱቅ ውስጥ ርካሽ የድምፅ ማጉያ አየሁ። ሻጩ "ያው ነው አባ" አለኝ። ያው አይደለም። ማጉያው ያገኘውን ሁሉ እኩል ከፍ ያደርጋል። የባጃጁ ጡሩምባ፣ የሳህኑ ኳኳታ፣ የሰው ንግግር፣ ሁሉም አብሮ ይጮሃል። በሦስተኛው ቀን ራስ ምታት ያዘኝ፣ አስቀመጥኩት።

ትክክለኛውን ያገኘሁት የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ወስዳኝ ከተመረመርኩ በኋላ ነው። ድምፅ የማያስገባ ክፍል ውስጥ ያስቀምጡሃል። በጣም ቀጭን ጲጵ ሲል ቁልፍ ትጫናለህ። ከዚያ የጆሮህን አቅም በግራፍ ይሥሉታል። መሣሪያው በዚያ ግራፍ ልክ በኮምፒውተር ይስተካከላል፤ የጎደለህን ድምፅ ብቻ ነው ከፍ የሚያደርገው። ዋጋው ከባድ ነው። የእኔ የወር ድጎማ አይደርስበትም ነበር። ምእመናኑ አዋጡልኝ፤ እግዜር ይስጣቸው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያስመርራሉ። የመጽሐፉ ገጽ ሲገለጥ እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። የራሴ እርምጃ የሌላ ሰው መስሎኝ ዞር ብዬ አይቻለሁ። በቀን ሁለት ሰዓት ጀምሬ ጨመርኩ። ሁለት ወር ገደማ ሲሆን አእምሮዬ ለመደው። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት አውልቆ መሳቢያ ውስጥ ይጥለዋል። እባካችሁ ታገሡት።

ሰኞ ሰኞ አሞራ ገደል እሄዳለሁ። ሐይቁ ዳር ዓሣ አጥማጆቹ ዓሣ ሲያጸዱ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዙሪያውን ይቆማሉ። አባ ኮዳ ምንቃሩን ሲያንኳኳ ድምፅ እንዳለው ረስቼው ነበር። ያን ቀን እዚያው ድንጋይ ላይ ብዙ ቆየሁ።

ችግሮቹንም ልንገራችሁ። የቤተ ክርስቲያናችን ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ክረምት ዝናብ ሲወርድ መሣሪያው ምንም አያደርግልኝም፤ አጠፋዋለሁ። መዘምራኑ ኪቦርዱን ከፍ ሲያደርጉትም እንደዚያው። ባጃጅ ላይ ነፋሱ ይነፋበታል። እጄን ወደ ጆሮዬ ካስጠጋሁ፣ ወይም ከኑዛዜው መከለያ ጋር በጣም ከተጠጋሁ ያፏጫል። አሁን ወንበሬን አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ስቤዋለሁ፤ ፉጨቱ ቆመ።

ባትሪው ትንሽ ክብ ነገር ነው። የእኔው ቁጥር 312 ነው፣ ቡናማ ተለጣፊ አለው። የሚሠራው አየር ስቦ ነው። ተለጣፊውን አንዴ ከላጣችሁት መልሳችሁ ብትለጥፉትም ማለቁን አያቆምም፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ አትላጡ። ከላጣችሁ በኋላ ጥቂት ደቂቃ አየር ካገኘ የተሻለ ይቆያል። እኔ ጋ ሳምንት ያህል ይሄዳል። እዚህ እንደልብ ስለማላገኘው ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ። ሕፃን ያለበት ቤት ከሆነ ደብቁት፤ ከተዋጠ አደገኛ ነው። መሣሪያውን ማታ ከጫማ ካርቶን ውስጥ ከሚወጣው እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጋር ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ኩክ ቀዳዳውን ስለሚደፍነው ጠዋት ጠዋት በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ እጠርገዋለሁ።

የቁምስና ካህን 75 ሲሞላው ለጳጳሱ የመልቀቂያ ደብዳቤ እንዲያቀርብ ሕጉ ይጠይቃል። ሁለት ዓመት ቀርቶኛል። ያችን ሁለት ዓመት ያለ መስማት ብጨርሳት ኖሮ ይቆጨኝ ነበር።

በቅርቡ አንዲት እናት ከበሩ ውጪ ጉልበታቸውን እያሹ አገኘኋቸው። እሳቸውም እንደ እኔ አርጅተዋል።

"አባ፣ ዛሬስ ይሰማሉ?" አሉኝ።

"እሰማለሁ እናቴ፣ ቀስ ብለው ይንገሩኝ" አልኳቸው።

አሁን ቅዳሜ ከ9 ሰዓት ጀምሮ በሬ ላይ ሰው አለ። ባትሪውን ዓርብ ማታ እቀይራለሁ።